የምላጭ ደብተርና የዘፈኖች ሁሉ አንደኛ

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ወዳጆች፤ ከሩቅ የመጣችሁ፣ ከቅርብም ሆናችሁ ያረፈዳችሁ፤ ፀሐይ ላይ ስላቆምናችሁ ይቅርታ አድርጉልን። ጥላ ያለበት ቦታ ፈልገን ነበር። ጥላው ሥር ያሉት ቀድመውን ይዘውታል፤ እነሱን ደግሞ ተነሡ ማለት አይቻልም።

እንድናገር የመረጠችኝ የእህቴ ልጅ ናት። የሟች ትልቋ ሴት ልጅ፣ ፋርማሲስቷ። «አጎቴ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ» ብላኛለች። መድኃኒት ስትሰጥም እንዲሁ ናት፤ ከዚህ አትጨምር፣ ከዚህ አትቀንስ። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ የታዘዘልኝን መጠን ጠብቄ የወሰድኩት ነገር የለም።

ሁለተኛ ትእዛዝም አላት። «አጎቴ፣ ቀልድ አታብዛ።» ይኼኛውን እሞክራለሁ። የምሞክረውም ዛሬ የምናገረው ቁም ነገር ስላለኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆየ ነገር ነው። እዚህ መካከላችን የቆሙ አንዲት ሴት አሉ፤ ጉዳዩ የሳቸው ነው። ሳልነግራቸው አፈሩ እንዳይመለስ ቃል ገብቻለሁ። ለማን? ለሱ። እዚህ ለተኛው።

እዚህ የተኛው ማን ነው?

የእህቴ ባል ነው። የአራት ልጆች አባት ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሃያ ሁለቱን የተበጠሰ ካሴት ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው። ካሴት ምን እንደሆነ የማታውቁ ልጆች አጠገባችሁ ያለውን ሽማግሌ ጠይቁ፤ ደስ ብሎት ያስረዝምላችኋል። እኔ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዘፈኑ ያለው ቀጭን ቡናማ ክር ላይ ነው። ክሩ ሁለት ትንንሽ ጎማ ላይ ተጠንጥኖ ይዞራል። ማጫወቻው፣ ቴፑ ማለቴ ነው፣ አንዳንድ ቀን ይርበውና ክሩን ይበላዋል። ሲበላው ይጨማደዳል፣ ይበጠሳል። የተበጠሰው ሁሉ ወደሱ ይመጣ ነበር።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። ባንኮኒው ላይ አንገቱን የደፋ መብራት አለ። ከጣት የምታንስ ካቻቢቴ አለች። ከደንበኛ ተውሶ ያልመለሰው እስክሪብቶ አለ። ጥቅል ፕላስተር አለ። ግማሽ ምላጭ ደግሞ በወረቀት ጠቅልሎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይይዝ ነበር፤ ክሩን የሚቆርጠው በሷ ነው። ስለዚህ ምላጭ አልነው። የማያውቁት ሰዎች ምላሱ ስለት ይመስላቸው ነበር። ምላሱማ በቀን ከአንድ ጥያቄ በላይ አትሠራም ነበር።

ያቺን ጥያቄ ደግሞ ከናንተ መካከል ያልተጠየቀ የለም። እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም የለም።

«ልቁረጠው ወይስ ነገ ትመጣለህ?»

ሴት ከሆነች «ነገ ትመጫለሽ?» ትልቅ ሰው ከሆነ «ነገ ይመጣሉ?» ከዚህ ውጭ ሰላምታ እንኳ አያበዛም። ምን ማለቱ ነበር? ጥገናው ሁለት ዓይነት ነው። ፈጣኑ፣ የተጨማደደውን ክር ክንድ ያህል ቆርጦ ጥሎ ጫፍና ጫፉን ማገናኘት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ከዘፈኑ አንድ ስንኝ ይጠፋል። ዘፋኙ «ከሄድሽ ወዲህ» ብሎ ይጀምርና ምን እንደሆነ ሳንሰማ ክራሩ ላይ ይገኛል። ዘገምተኛው ደግሞ የተጨማደደውን በጣት እያለሰለሱ፣ በሁለት መስታወት መካከል አስተኝቶ ማሳደር ነው። ምንም አይጠፋም። ግን ነገ መምጣት አለ።

እኔ ጎረቤቱ ነበርኩ። የኔ ሱቅ ካሴት መቅጃ ነበር። እኔ እቀዳለሁ፣ ሕዝቡ ይሰማል፣ ቴፑ ይበላል፣ እሱ ይጠግናል። መካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው እኔ ነኝ። በዚህ ኮምፔንሳቶ ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ማን እንደበሳት አልናገርም። ወሬ የማየው በሷ ነበር።

ካሴት ያለበት ቦታ ክርክር አለ። ክርክሩም አንድ ብቻ ነበር። ከዘፈን ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው? ከዚህ ዘመን፣ ካለፈው ዘመን፣ ከመጣው ከሄደው ሁሉ አንደኛው የትኛው ነው? አንዱ ድምፅ ይላል። አንዱ ግጥም ይላል። አንዱ «አባቴ የሚወደው» ይልና ያለቅሳል፤ እሱን ማን ይከራከረዋል? እህቴን፣ የሟችን ሚስት፣ አንድ ቀን ጠየቅናት። «ሁላችሁም ስትወጡና ቴፑ ሲጠፋ የሚሰማው» አለች። ይኼም እንደ አንድ ድምፅ ተመዘገበ።

እሱ ግን አይከራከርም። «አንተስ?» ሲባል «እኔ ጆሮዬን አላምነውም» ይላል። «ታዲያ ምንህን ታምናለህ?» «ደብተሬን።»

ደብተር ነበረው። ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ያለው። ካሴት ሲያስረክብ አንዳንዴ ይጽፋል፣ አንዳንዴ አይጽፍም። ስንጠይቀው «የዘፈን ስም ነው» ይላል። ለብዙ ዓመት አየነውና የገባን መሰለን። ሰው የሚወደውን ዘፈን እየመለሰ እየመለሰ ይሰማል። ብዙ የተመላለሰ ክር ይደክማል። የደከመው ይበጠሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተበጠሰው ዘፈን ከሁሉ የተወደደው ነው። ምላጭ የሚቆጥረው ስብራት ነው አልን። እሱም አላስተባበለም። የእህቴ ባል ሰው ሲሳሳት የማረም ልማድ አልነበረውም፤ ደክሞት ይሁን ደስ ብሎት እስካሁን አላውቅም።

ሾፌሩ እዚህ አለ። አለህ? ባርኔጣህን ስላወለቅክ አላወቅኩህም፤ ለካ ከሥሩ ፀጉር አልነበረም። ይኼ ሰው ያኔ የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ላይ አውቶቡሱን ሱቁ ፊት ገትሮ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ክሩ የተንጠለጠለ ካሴት ይዞ ገባ።

«ምላጭ፣ ቶሎ በልልኝ፤ ሰው ጭኛለሁ።»

«ልቁረጠው ወይስ ነገ ትመጣለህ?»

«ከየት ላይ ነው የሚቆረጠው?»

ምላጭ ክሩን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። ክር ላይ ምን ይታያል? ምንም አይታይም። እሱ ግን የት እንደደረሰ ያውቃል። «እናቷን የሚጠራበት ላይ» አለ።

ሾፌሩ ወደ አውቶቡሱ ዞር ብሎ አየ። ውጭ ተሳፋሪዎቹ ጥሩንባውን መንፋት ጀምረዋል።

«እሱማ አይቆረጥም» አለ። «ነገ እመጣለሁ።»

እኔ በቀዳዳዋ «ለካ ዘፈን ትወዳለህ» አልኩት።

«እኔ? ምን በወጣኝ። ተሳፋሪው ነው የሚወደው።»

«ተሳፋሪውማ ጥሩንባ ነው የያዘው።»

ያቺን ካሴት ሰባት ጊዜ አምጥቷታል። ሰባት ጊዜ፣ ሁልጊዜም ያው ዘፈን። ሰባት ጊዜም «ነገ እመጣለሁ» ብሏል። እስከ ዛሬ ግን ተሳፋሪው ነው የሚወደው።

ርዕሰ መምህራችንም እዚህ አሉ። ጌታዬ፣ ጡረታ ስለወጡ አሁን ልናገረው እችላለሁ። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያፏጨ ተማሪ ወላጅ የሚያስጠሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ካሴት በፖስታ ውስጥ አሽገው መጡ። ፖስታው ላይ «የመምህራን ስብሰባ» ይላል። ምላጭ አወጣው፣ አየው።

«ልቁረጠው ወይስ ነገ ይመጣሉ?»

«ምኑን ነው የምትቆርጠው?»

«ጭብጨባው ያለበት ላይ ነው የተበጠሰው ጌታዬ።»

«አዎ። ንግግሬን ጨርሼ ነው ያጨበጨቡት።»

«ከበሮም አለው።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ስብሰባው የሞቀ ነበር» አሉ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ነገ እመጣለሁ» አሉ።

ታዲያ ምላጭ ሳቀ? አልሳቀም። በማግሥቱ መጥተው ሲወስዱት ደብተሩን ሳበ፣ አንድ መስመር ጻፈ፣ ዘጋ። እኔ ግን ለሁለታችን የሚበቃ ሳቅኩ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ሁለት ዓመት ሄደ። ካሴት እየቀረ መጣ። እኔ ሱቄን ዘግቼ መነጽር ክፈፍ መሸጥ ጀመርኩ። እሱ የስልክ ገመድ መጠገን ያዘ። አንድ ወር ሙሉ አንድም ካሴት ሳይመጣለት ሲቀር ደብተሩን ደመረ። አልቸኮለም፤ አንድ ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ በትልቅ ወረቀት ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። «ከዘፈን ሁሉ የሚበልጠው ታውቋል።» ከሥሩ አንደኛው ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ሁለተኛው፣ የሾፌሩ ማለት ነው፣ አንድ መቶ ዘጠና ሰባት።

ሰፈሩ ምን ሆነ? ታስታውሳላችሁ። ግማሹ ወረቀቱን ሊቀድ መጣ። ሾፌሩ ለሦስት ሳምንት በሌላ መንገድ ዞሮ ሄደ። ምክንያቱም አንደኛው ዘፈን ማንም ያልጠበቀው ነበር። ስመ ጥር ዘፋኝ የዘፈነው አይደለም። በዕድሜያቸው አንድ ካሴት ብቻ ያስቀዱ፣ ካሴቱ አልሸጥ ሲል ዘፈን የተዉ፣ ልብስ ስፌት ቤት ገብተው የአዝራር ቀዳዳ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው የዘፈኑት። ስማቸው እንኳ ጠፍቶ ሁላችንም እትዬ አዝራር ነው የምንላቸው። ዘፈኑ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለተኛው ነው። አንዲት ሴት አንድ ነገር ልትወስድ ደረጃ ትወጣለች። ላይ ስትደርስ የመጣችበትን ትረሳዋለች። ትወርዳለች፣ ትዝ ይላታል፣ ደግሞ ትወጣለች። በቃ ይኼው ነው። አራት ደቂቃ ትወጣለች ትወርዳለች። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው ሰው የራሱን ደረጃ ያስታውሳል።

እትዬ አዝራር ከሥራ ሲመለሱ ወረቀቱን አዩት። እኔ ያን ቀን በሱቁ በር ላይ ነበርኩ። ቦርሳቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በሳምንቱ ስፌት ቤቱ ውስጥ ዘፈኑ ሲባል ሰማን። በወሩ በስፌት ቤቱ መዝናኛ። በዓመቱ አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ወንበር ከቤቱ እያመጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ያለች ጉሮሮ ተከፈተች። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ወጣቶች መካከል መዝፈን ያስተማሯችሁ አሥራ ሁለት ትሆናላችሁ። ይኼ ሁሉ የመጣው ከአንድ ወረቀት ነው። ከአንድ ቁጥር።

እኔስ ምን ሆንኩ? እኔ ወረቀቱን ባየሁ ቀን ምሳ አልበላሁም። ምሳ አልበላሁም ስል እህቴ ወዲያ ማዶ አንገቷን እየነቀነቀች ነው፤ እውነት ነው፣ ያን ቀን አልበላሁም። ለምን? ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የማውቅ መሰለኝ።

እንግዲህ እትዬ አዝራር፣ ወደ እርስዎ ልዙር። ይቅርታ፣ ወደፊት ጠጋ ይበሉልኝ። መንገድ ስጧቸው።

ያን ካሴትዎን ይዘው ሱቄ የመጡ ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆንዎ ነው። አረንጓዴ ሹራብ ነበር የለበሱት። ሦስት መቶ ቅጂ እንዳወጣልዎ ተስማማን። ባዶ ክር በትልቅ ጥቅልል ነበር የሚመጣው፤ እየለካሁ ካሴቱ ውስጥ የምሞላው እኔ ነኝ። የስመ ጥሮቹን ከአዲሱ ጥቅልል፣ አንድ ወጥ አድርጌ እሞላ ነበር። የእርስዎን ግን... የእርስዎን ከካርቶን ውስጥ ነው የሞላሁት። ቁርጥራጭ የማጠራቅምበት ካርቶን ነበረኝ። ሁለት ቁራጭ እየቀጠልኩ፣ በፕላስተር እያያያዝኩ፣ ሦስት መቶውንም እንዲሁ ሞላሁ። ማን ያውቃታል አልኩ። ሁለተኛውን ገጽ ማን ይሰማል አልኩ። ቅጥያው እንዲወድቅ ያደረግኩት አንደኛው ገጽ ላይ ዘፈን የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ነበር። ሲገለበጥ የት እንደሚወድቅ አላሰብኩም። ሁለተኛው ገጽ፣ ሁለተኛው ዘፈን፣ ሦስተኛው መውጣት ላይ ወደቀ።

ሦስት መቶውም እዚያው ነው የሚበጠሱት። የደከመ ክር አይደለም የበጠሳቸው። የኔ ስስት ነው።

ይኼን ማን ያውቃል? እኔ ብቻ ነበርኩ። ምላጭ ስብራት እየቆጠረ የኔን ጥፋት አንደኛ አደረገው ብዬ አሰብኩ። ልናገር? እርስዎ መዝፈን ጀምረዋል። ዝም ልበል? ቁጥሩ ውሸት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ሰማሁዎት። ዘፈኑን አልሰማሁትም። ሦስተኛው መውጣት ላይ ሲደርሱ እኔ ፕላስተር ነው የምሰማው።

ባለፈው ወር፣ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ካሉን በኋላ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነገርኩት። ልጁ መድኃኒቱን ሰጥታው ወጥታ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ካርቶኑን፣ ቁርጥራጩን፣ ሦስት መቶውን። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«የመጀመሪያዋን የከፈትኩ ዕለት አይቼዋለሁ። ያንተ ፕላስተር ጠማማ ነው። ጨለማ ውስጥ ብዳስሰው አውቀዋለሁ።»

እስቲ አስቡት። የተቀጠለ ክር ከማንም ሰው በላይ አሥር ሺህ ጊዜ ያየ ሰው። እኔ ከሱ ቅጥያ ደብቄ አሥራ አንድ ዓመት አላበኝ።

«ታዲያ እያወቅህ ለምን ቆጠርከው?» አልኩት። ተናድጄም ነበር፤ በሽተኛ ላይ አይቆጡም እንጂ።

«ስብራት ቆጥሬ አላውቅም» አለ።

«ደብተሩስ?»

«ነገ የመጣውን ነው የጻፍኩት።»

አልገባኝም። ጭንቅላቴ ወፍራም መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ውኃ ጠጣና ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ካሴት ሲበጠስ አብዛኛው ሰው ይጥለዋል። ወይ ክሩን አውጥቶ ወፍ ማባረሪያ ያደርገዋል። ጥቂቱ ወደ ሱቁ ይመጣል። ከመጣውም ውስጥ ብዙው «ልቁረጠው?» ሲባል «ቁረጠው፣ እቸኩላለሁ» ይላል። እሱን አይጽፍም። «አትቁረጥ፣ ነገ እመጣለሁ» ያለውን፣ ብሎም በማግሥቱ የመጣውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ከዘፈኑ አንድ ስንኝ እንዳይጎድልበት ብሎ ሁለት ጊዜ የተመላለሰውን ብቻ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ጥያቄ የጠየቀን ለዚህ ነበር። እኛ ስለ ሥራው የሚጠይቀን መስሎን መልስ እየሰጠን፣ ድምፅ እየሰጠን ነበር።

«አንተ በጠስከው» አለኝ። «ይዘውት የመጡት ግን እነሱ ናቸው። ከሁለት መቶ ምናምን ጊዜ አንዴም ቁረጠው አላሉኝም። አንዴም። ሾፌሩ እንኳ አንድ ሁለቴ፣ ሌላ ካሴት ላይ፣ ቁረጠው ብሎኛል።»

ከዚያ ቃል አስገባኝ። «ወረቀቱን የለጠፍኩት ለሁሉ ነው፤ ያንተንም በሁሉ ፊት ንገራቸው። እሳቸው ይፍረዱ። አይቆጠር ካሉ ሰርዘው።» ደብተሩን ሰጠኝ። ይኸው፣ በእጄ ነው።

እትዬ አዝራር፣ የነገርኩዎት ይኼን ነው። ሦስት መቶ ካሴትዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በወቅቱ ያልተሸጠውም ምናልባት በዚያ ይሆናል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ዝምታዎ ውስጥ የኔም እጅ አለበት። ይቅርታ ልበል ብል ቃሉ ትንሽ ነው፤ ግን ሌላ ቃል ስለሌለኝ ይቅርታ እላለሁ። ደብተሩ ደግሞ በፍርድዎ ይጸናል ወይ ይሰረዛል። ምን ይላሉ?

ጊዜ ይውሰዱ። ፋርማሲስቷ ሰዓቷን እያየች ነው፤ እሷን ለኔ ይተዉት።

ምን አሉ?

ከኋላ ያላችሁ አልሰማችሁም፤ ልድገመው። «ሦስቱን ይቀንሱ» ነው ያሉት።

የቶቹን ሦስት?

ቆዩ፣ እየነገሩኝ ነው። ሳይሸጥ ቤታቸው የቀረ ካሴት ነበራቸው። መስማት ትቻለሁ እያሉ ለሰው ሲናገሩ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ይሰሙት ነበር። ሲበጠስባቸው ለመምጣት አፍረው በስፌት ቤት ባልደረቦቻቸው እጅ ይልኩት ነበር። «ቁረጠው እንዳትዪው፣ ነገ ነይ ካለሽ ነገ ሂጂ» ብለው። ሦስት ጊዜ። በሦስት የተለያየ ካሴት። «እነሱ የኔ ናቸው፤ ለራሴ ድምፅ ልሰጥ አይገባም። ሌላውን ግን አይሰርዙብኝ» ነው ያሉት።

ስለኔ ጥፋትም አንድ ነገር ብለዋል። እሱን ለሁላችሁ አልደግመውም። ተገቢ ነው።

ርዕሰ መምህር፣ ያረጋግጡልኝ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሲቀነስ ሦስት። ሁለት መቶ ስምንት። ሾፌር፣ ያንተ አንድ መቶ ዘጠና ሰባት ነው፤ ጣትህን አትቁጠር፣ አይደርስም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሰማህ። ልሰናበትህ ነው። ደብተርህ ልክ ነው ብዬ ልመሰክርልህ ነበር የመጣሁት፤ በሦስት ተሳስተሃል። ስህተትህንም ያገኙልህ ከመሳሳትህ የሚጠቀሙት ሴት ናቸው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በቀዳዳ ሳይህ አንተ ሰው ምን እንደሚወድ በአፉ ሳትጠይቀው ታውቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁሉንም ጠይቄ ምንም አላወቅኩም። እህቴንና ልጆችህን አደራ አልልህም፤ አደራው ከዚህ ወዲህ የኛ ነው። አንተ ዕረፍ።

አፈሩን መመለስ ትችላላችሁ። ቃሌን ጨርሻለሁ።

ሁለት መቶ ስምንት ነው ወንድሜ። ዛሬ ቤት ስገባ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ፤ ከጎኑም ማን እንዳስቀነሰው። ደህና ሁን። አሁንም አንደኛ ነው።